በአንድ ሳምንት ስንቱን ልጅ ሰማነው?

(ለወላጆችና ለአንደኛ ደረጃ መምህራን የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል)

እንደምን አረፈዳችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ገበያውንም ልብስ አጠባውንም ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙ አላቆያችሁም።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ሳምንት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ። ቦታው አዲስ አበባ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍል። ትምህርቱ አማርኛ ነው፤ የሳምንቱ ፊደል ደግሞ «በ» ከነቤተሰቡ። ሥራዬ ክፍል ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ሱፐርቫይዘር ይሉናል። መምህራን ስንገባ ብዙም ደስ አይላቸውም፤ አልፈርድባቸውም። የማወራችሁን ከአንድ ክፍል አላገኘሁትም። ከብዙ ክፍል ያየሁትን አንድ ሳምንት ውስጥ ጠቅልዬዋለሁ። የማንንም ትምህርት ቤት ስም አልጠራም። «ይሄማ የእኛው ነው» የሚል ካለ ግን አልከራከረውም።

ስለ ትምህርት ስናወራ ወሬያችን ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚጀምረው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ተናወጠ። ትክክል ነው፣ መናወጥ ነበረበት። ግን ያ ልጅ መውደቅ የጀመረው 12ኛ ክፍል ነው እንዴ? እኔ ከተቀመጥኩበት ሲታይ ብዙው የሚጀምረው አንደኛ ክፍል ነው። ጥቅምት ወር አካባቢ። «በ»ን ከ«ሰ» መለየት ሳይችል ክፍሉ ጥሎት ሲሄድ። ማንም ልብ አይለውም፤ ምክንያቱም ልጁ ከሁሉም ጋር አብሮ እየጮኸ ነው።

እንግዲህ ሰኞ።

ደወል ይደወላል። ሰልፍ፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ መዝሙር፣ ከዚያ ወደ ክፍል። ሰኞ ጠዋት አንደኛ ክፍል ውስጥ ትምህርት ቶሎ አይጀመርም። ስም ጥሪ አለ። እርሳስ ቤቱ የረሳ አለ። እርሳሱን ይዞ መጥቶ ጓደኛው የነጠቀው አለ። ክፍለ ሀገር አያቱ ጋ ሄዶ ያልተመለሰ አለ። ሽንት ቤት መሄድ የሚፈልግ አለ፤ እሱን ያየ ሌላውም ወዲያው ይፈልጋል። ከ40 ደቂቃው ላይ ሩቡ እንዲህ ይሄዳል።

ከዚያ መምህሯ ሰሌዳው ላይ ሰባቱን ትጽፋለች። በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ። በጠመኔ፣ ጎላ አድርጋ፣ አሳምራ። በእንጨት እየነካች «በሉ!» ትላለች። ክፍሉ ይቀበላታል። ድምፁ ግቢውን ይሞላል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ።

«ገባችሁ?»

«አዎ!»

«አልሰማሁም፣ ገባችሁ?»

«አዎ!!»

«ጎበዞች! ለራሳችሁ አጨብጭቡ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ይህን ድምፅ እወደዋለሁ። ሰኞ ጠዋት የሰው ልብ ያሞቃል። ዋና ሱፐርቫይዘር በር ላይ ቆሞ ቢሰማ «እዚህ ክፍል ትምህርት አለ» ብሎ ጽፎ ይሄዳል።

ኋላ ለተቀመጠ ሰው ግን ሌላ ነገር ይታያል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው ልጅ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ የለም። የሚያየው የጎረቤቱን አፍ ነው። ድምፁ ከሌላው ትንሽ ዘግየት ብሎ ይወጣል። ሰባቱንም ብሏል። አንዱንም አላየም። በማኅበር ማዕድ ላይ ማን ሳይጠግብ እንደተነሳ አይታወቅም፤ የጋራ ንባብም እንደዚያው ነው።

ሌላ ልጅ ደግሞ አለች። ጎበዝ ናት፣ ዓይኗም ሰሌዳው ላይ ነው። በዕረፍት ሰዓት ጠራኋትና ደብተሯ ላይ «ቤ»ን ብቻዋን ጻፍኩላት። «ይቺ ማን ናት?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ጣቶቿን ከጠረጴዛው ሥር ስትቆጥር አየሁ። «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ... ቤ!» ብላ ፊቷ በራ። አገኘችው። ያገኘችው ግን ዜማውን ይዛ ከመጀመሪያው ተነሥታ ነው። ይቺ ልጅ «ቤት» የሚለውን ቃል ለማንበብ ሁለቴ ከታች ተነሥታ መቁጠር አለባት፤ አንዴ ከ«በ»፣ አንዴ ከ«ተ»። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ መጀመሪያው ጠፍቷታል።

አባቶች ይህን ነገር ድሮ ነው የነቁበት። የቄስ ትምህርት ቤትን «ሽምደዳ ነው» ብለን እናጣጥለዋለን። ሽምደዳውስ አለበት። ግን ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛ፣ ሀሁ በዜማ ከተሸመደደ በኋላ አቡጊዳ ይመጣል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። አንዱ ከግዕዝ፣ አንዱ ከካዕብ፣ አንዱ ከሣልስ፣ እያለ እስከ ሳብዕ በአግድም የሚዘል አደራደር ነው። ዜማውን ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ፊደሉን ያየ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ልጁ ብቻውን የኔታ ፊት ይቀርባል። በስንደዶ እየነካ፣ በራሱ አፍ፣ ለየኔታ ጆሮ። የኔታ ካልደረሱ የበሰለው ተማሪ ታናሹን ያስቆጥራል። በቁርአን ትምህርት ቤትም ሕፃኑ ሉሁን፣ የእንጨት ሰሌዳውን፣ ይዞ ሼሁ ፊት ለብቻው ይቀርባል። ዘመናዊው ክፍል ብዙ ነገር ጨመረልን፤ መጽሐፍ፣ ሥዕል፣ ሴት ልጅን በብዛት ማስተማር። ይቺን የአንድ ለአንድ ነገር ግን መንገድ ላይ ጣልናት።

የመጣሏን ዋጋ አይተነዋል። በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአገሪቱ በበርካታ ክልሎች የታችኛው ክፍል ንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። መዛኙ ልጁን ለብቻው አስቀምጦ አጭር ታሪክ ይሰጠዋል፣ «አንብብልኝ» ይለዋል። በቃ፣ ሌላ ተአምር የለውም። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ የሚሆኑት ከታሪኩ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። አዲስ አበባ ላይ ከአሥሩ አንድ ገደማ ነበር። ሲዳማ ላይ ግን ከሦስቱ ሁለቱ። ከዚያ በኋላ በ7 የአገር ውስጥ ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ፣ መምህራንም ሠለጠኑ። እኔን ከውጤቱ በላይ የገረመኝ ሌላ ነው። እነዚያ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ሁለት ዓመት «አዎ!» ብለዋል።

ታዲያ መምህሯ ሰነፍ ናት? አይደለችም። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የአገሪቱ መለኪያ ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል 50 ተማሪ ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም ጥሪ ባይኖር፣ እርሳስ ባይጠፋ፣ ማንም ሽንት ቤት ባይሄድ፣ ክፍለ ጊዜው በሙሉ ልጆቹን ተራ በተራ ለማስነበብ ቢውል ለአንዱ ልጅ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው። በእውነተኛው ሰኞ ግን ግማሹም አይደርስም። መምህሯ ወደ ጋራ ንባብ የምትሸሸው ለዚህ ነው። ሌላ መንገድ ያሳያት የለም። ዕቅዷን የሚፈርመው ምክትል ርዕሰ መምህርም «ዓላማ፣ ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ ግምገማ» የሚሉት ሳጥኖች መሞላታቸውን ያያል እንጂ «ዛሬ የማንን ድምፅ ለብቻው ሰማሽ?» ብሎ አይጠይቅም። ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ሳጥን የለማ።

ይህን ያዙልኝ፣ ሐሙስ ላይ እመለስበታለሁ።

ማክሰኞ ከሳምንቱ እኔ የምወደው ቀን ነው። ጥሩ መምህር ማክሰኞ ላይ ሰሌዳውን ትታ ጆሮ ላይ ትሠራለች። «በ‹ባ› የሚጀምር ነገር ንገሩኝ» ትላለች። ባቄላ፣ ባሕር፣ ባቡር፣ ባልዲ ይመጣል። አንዱ «ባጃጅ!» ይላል፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። በ«ቡ»? ቡና፣ ቡችላ፣ ቡሄ። በ«ቦ»? ቦርሳ፣ ቦታ። አንዱ ተነሥቶ «ዳቦ» ይላል። ሌሎቹ «ኤጭ፣ በ‹ዳ› ነው የሚጀምረው!» ብለው ይጮሁበታል። ጎበዟ መምህር እዚህ ላይ ዝም አታሰኘውም። «ጎሽ፣ ‹ቦ› ዳቦ ውስጥ አለች አይደል? የት ጋ ናት?» ትላለች። «መጨረሻ!» ልጁ ተሳስቶ የነበረው አሁን መምህር ሆነ። ቃል የሚቆራረጥ ነገር መሆኑን፣ መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለው ክፍሉ የተማረው ከእሱ ነው።

ይህ ጨዋታ ይመስላል። አንዳንድ ወላጅ በመስኮት ቢያይ «ልጄን ለባጃጅ ነው እንዴ የላኩት» ይላል። ግን የእኛ ፊደል የተሠራው በዚህ ላይ ነው። 33 ፊደል ሰባት ሰባት ሲሆን 231 ይመጣል። ዲቃሎቹን ሳንጨምር። አንድ ሕፃን 231 ምስል አንድ በአንድ ይሸምድድ ብንል ዓመቱ አይበቃም። ጥሩው ነገር ቤተሰብ አላቸው። ካዕቡ ብዙውን ጊዜ በቀኝ ጎኑ ላይ ትንሽ መስመር ያወጣል፤ ቡ፣ ሱ፣ ቱ፣ ኑ። ሣልሱ መስመሩን ወደ እግሩ ያወርዳል፤ ቢ፣ ሲ፣ ቲ። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል፤ ቤ፣ ሴ፣ ቴ። ይህን ያስተዋለ ልጅ «ሴ»ን ሳይነግሩት ያነባታል። ከዚያ «ሩ» እና «ፉ» ይመጡና ሕጉን ያፈርሱበታል። ልጆች ግን ሕግ አፍራሽ ይወዳሉ፤ እነዚህን ሁለቱን ቶሎ ነው የሚይዟቸው።

ዋናው ጣጣ ሳድስ ነው። ሳድስ ለዓይንም አንድ ዓይነት መልክ የለውም፤ ል፣ ም፣ ር፣ ትን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ለጆሮም እንዲሁ ነው። «ብር» ስንል «ብ» ትንሽ ትከፈታለች። «ልብ» ስንል ያቺው «ብ» ትዘጋለች። ጽሕፈቱ አንድ ነው። ትልቅ ሰው አይታወቀውም፤ ቋንቋውን ስለሚያውቅ አፉ ራሱ ያስተካክለዋል። የ6 ዓመት ልጅ ግን «ል...ብ» ብሎ ሁለቱንም ከፍቶ ካነበበ በኋላ የማያውቀው ቃል ሆኖበት ይቆማል። ያኔ «አፍጥነህ በላት» ይባላል። «ልብ!» ሲል ፊቱን ማየት ነው። ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ ደግሞ እዚህ ላይ እጥፍ ይቸገራል። ቃሉ ቀድሞ ጆሮው ውስጥ ከሌለ አፉ በምን ያስተካክለው? ስለ መጥበቅና መላላትማ አታስጀምሩኝ። «የገና በዓል ገና ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ለአንደኛ ክፍል ልጅ ስጡትና እዩት።

ረቡዕ ጽሕፈት ነው። አሥር መስመር «በ»፣ አሥር መስመር «ቡ»። ብዙ የምለው የለኝም፤ እጅ መፍታት አለበት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ረቡዕ ላይ ልጁ አማርኛውን ጨርሶ አፋን ኦሮሞ ይማራል፣ ከዚያ እንግሊዝኛ። አዲስ አበባ ላይ አሁን አንደኛ ክፍል ሦስቱንም ነው የሚይዘው። ያው አንዱ የላቲን ፊደል በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ኤክስ» ተብሎ ይጠራል፣ በአፋን ኦሮሞ ክፍለ ጊዜ የ«ጥ»ን ድምፅ ይሰጣል። ልጆች ይችሉታል፤ ሦስት ቋንቋ ለሕፃን ጸጋ ነው። ግን አንዱ ላይ እግሩን ሳይተክል ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ከመጣበት ሦስቱንም በዜማ ይይዛቸውና ያልፋል። ኬጂ ላይ «ኤ ፎር አፕል» ስላለልን ደስ ብሎን ቪዲዮ የምንቀርፀው ልጅ «አፕል» የሚለውን ቃል ለብቻው ቢሰጡት ያነበዋል ወይ ብለን አንጠይቅም። የግል ትምህርት ቤት ወላጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

አሁን ሐሙስ። የሰኞውን ሒሳብ አስታውሱ። በአንድ ክፍለ ጊዜ 50 ልጅ መስማት አይቻልም። በአንድ ሳምንት ግን ይቻላል። በቀን 10 ልጅ፣ ለአምስት ቀን፣ 50 ልጅ። ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ብትሰጠው በቀን 20 ደቂቃ ነው። አንደኛ ክፍል ላይ ብዙውን ትምህርት የምትይዘው አንዷ መምህር ስለሆነች 20 ደቂቃውን ከአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ መውሰድ የለባትም። አሥሩን ከአማርኛ፣ አሥሩን ከሌላ ክፍለ ጊዜ የጽሕፈት ሰዓት ትወስዳለች።

ይህን ስትሠራ ያየኋት አንዲት መምህር አለች። ሐሙስ ዕለት ሰሌዳው ላይ አጭር ምንባብ ጻፈች። «አበበ ቤት ገባ። ቡና አለ። ዳቦ በላ።» ሌላ ምንም የለውም፤ የሳምንቱ ፊደልና እስካሁን የተማሩት ብቻ ናቸው። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጋ አንዱ ለአንዱ እንዲያነብ አደረገች። አጠማመዷ ጥበብ አለው። በጣም ጎበዙን ከበጣም ደካማው ጋር አላደረገችም፤ ጎበዙ ሁሉንም ነጥቆ ስለሚያነብ። ትንሽ የሚሻለውን ነው ከሚቸገረው ጋር ያጣመደችው። «አንድ ለአምስት» በሚባለው አደረጃጀት የቡድን መሪው ሁሉን ይሠራና ሌሎቹ ያጨበጭባሉ፤ እሷ ይህን አይታ ሁለት ለሁለት አደረገችው። ክፍሉ ይንጫጫል። ሱፐርቫይዘር ቢመጣ «ክፍል መቆጣጠር ይጎድላታል» ብሎ ሊጽፍባት ይችላል። እኔ ግን 25 ልጅ በአንድ ጊዜ በራሱ አፍ ሲያነብ የሰማሁት እዚያ ነው።

እሷ በዚያ ጫጫታ መሀል ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የዕለቱን 10 ልጆች አንድ በአንድ ትጠራለች። ፊት ለፊት ሰሌዳ ላይ አታወጣቸውም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማንበብ የማይችልን ልጅ 49 ጓደኞቹ ፊት አቁሞ «አንብብ» ማለት ማሸማቀቅ ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ሆዱን ያመዋል። ጎኗ ታስቀምጠዋለች። ምንባቡን ከታች ወደ ላይ ታስነብበዋለች፤ አቡጊዳ ማለት ይኸው ነው በሌላ መልኩ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ደብተሯ ላይ ከስሙ ጎን ምልክት ታደርጋለች። ያነበበ፣ እየቆጠረ ያነበበ፣ ያላነበበ። ሦስት ዓይነት ምልክት፣ ከዚያ በላይ የለም። ቁጥር አትሰጥም። ያ ደብተር ከማንኛውም የሪፖርት ካርድ ይበልጥ እውነት ይናገራል። ሴሚስተር መጨረሻ ድረስ አይጠብቅማ፤ ሰኞ የጠፋው ልጅ ሐሙስ ላይ ይታያል። በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጁ በነፃ ዝውውር ያልፋል ሲባል አብሮ የታሰበው ተከታታይ ምዘና ይህ ነበር። ዝውውሩን ያዝን፣ ምዘናውን ረሳን።

ዓርብ የቃል ጽሕፈት አለ። አምስት ቃል ትጠራለች፣ ይጽፋሉ። በሬ፣ ቡና፣ ቤት፣ ልብ፣ ዳቦ። እዚያ ላይ መኮራረጅ አለ፤ አንገት እንደ ሰጎን ይረዝማል። ከሰዓት በኋላ ልጆች ይደክማሉ፣ ተረት ይነገራል፣ ክፍል ይጠረጋል፣ ሳምንቱ ያልቃል። በነገራችን ላይ ማንም ዓርብ ላይ አይቀርም። በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት ከጀመረ ወዲህ መቅረት ምን ያህል እንደቀነሰ መምህራኑን ጠይቋቸው። ማክሰኞ የቀረ ልጅ የማክሰኞውን «ባጃጅ» አጥቶታል፤ ያ ሳቅ ደግሞ አይደገምም። ስለዚህ ምገባው የንባብ ጉዳይም ነው።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ወላጆች። ልጃችሁ ዓርብ ማታ ሲመጣ የምትጠይቁት ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ስንት አመጣህ?» ወይም «ስንተኛ ወጣህ?» እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «እስቲ ሀሁን በልላቸው» ይባላል። ልጁ ይለዋል። ከሀ እስከ ፐ። እንግዳው ያጨበጭባል። ሰኞ ያየነውን ጩኸት እቤት ደገምነው ማለት ነው።

ሌላ ነገር ልጠቁማችሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ከትምህርት ቤት ስትወስዱት መንገዱ ላይ ያለውን ማስታወቂያ እዩ። ዳቦ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ መድኃኒት ቤት። «ቤት» አዲስ አበባን ሞልቷታል! የ«በ» ሳምንት ላይ ልጁ «ቤት»ን እየፈለገ ይምጣ። ስንት አገኘህ በሉት። የታክሲ ታፔላ አለ፣ የጨው ላስቲክ አለ፣ የዱቄት ከረጢት አለ። ከዜማው ወጥቶ ፊደሉን ብቻውን የሚያገኘው እዚያ ነው። ደብተር ላይ «በ» ሁልጊዜ ከ«ቡ» በፊት ናት፤ መንገድ ላይ ግን ማንም ተራ አይጠብቅም።

አንድ እናት ባለፈው ጊዜ ተነሥተው «እኔ ማንበብ አልችልም፤ ምን ልረዳው?» አሉኝ። ዛሬም እዚህ ያላችሁ ልትኖሩ ትችላላችሁ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የነገርኳቸውን ልድገመው። ሲያነብልዎ ጣቱን ይዩ። ጣቱ ከድምፁ ጋር አብሮ ከሄደ፣ ቃሉ ሲያልቅ ጣቱም ከደረሰ፣ እያነበበ ነው። ጣቱ ቆሞ አፉ ከሄደ፣ ወይም ኮርኒስ ኮርኒሱን እያየ ካነበነበ፣ በቃሉ ይዞታል። ያኔ ገጹን ገልብጠው ሌላ ቦታ ላይ ያስጀምሩት። ይህን ለማየት ፊደል ማወቅ አያስፈልግም።

ወላጆች ሌላም ማድረግ የምትችሉት አለ። ወላጅ ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ስለ ደንብ ልብስና ስለ መዋጮ ነው የምንከራከረው። አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ልጄን ለብቻው ሲያነብ የሰማሽው መቼ ነው?» ለመምህሯ በቁጣ ሳይሆን በአክብሮት ጠይቋት። መልስ ካላት ደስ ይላታል። ከሌላት ደግሞ ጥያቄው ወደ ርዕሰ መምህሩ እንዲሄድ አግዟት፤ ብቻዋን ከጠየቀች «ሥራ መሥራት ሰልችቷት ነው» ይሏታል።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

(ከቀረቡት ጥያቄዎች የአንዲት መምህር ጥያቄ ከዚህ ጋር ስለሚሄድ ተካቷል።)

«እርስዎ 50 አሉ፤ የእኔ ክፍል ውስጥ ያሉት 70 ናቸው። ለዚያውም በፈረቃ ነው የምንሠራው። በቀን አሥር ብሰማም ሳምንቱ አይበቃኝም።»

ልክ ነሽ። 70 ከሆኑ በሳምንት አይጨረሱም። በቀን አሥር ከሆነ ሰባት የትምህርት ቀን ይወስዳል፣ ፈረቃው ሰዓቱን ካጠበበው ደግሞ ሁለት ሳምንት ይውሰድ። ክፍሉ 70 መሆኑ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ለሁለት መከፈል ለሚገባው ክፍል በራስሽ ሰዓት ዕዳ አትክፈይ። ግን ሁሉንም እኩል መስማትም የለብሽም። የመጀመሪያውን ዙር አንዴ ጨርሺ። ምናልባት ግማሾቹ ደህና ያነባሉ፤ እነሱን በወር አንዴ ብትሰሚያቸው ይበቃል። እየቆጠሩ የሚያነቡትን በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ያላነበቡትን በየሳምንቱ። ያኔ ቁጥሩ ራሱ ይቀንስልሻል።

አጀማመሩን ደግሞ በስም ቅደም ተከተል አታድርጊው። ከፊት ወንበርም አትጀምሪ፤ የፊቶቹን ሳታስቢውም ስትሰሚያቸው ነው የምትውዪው። ሰኞ ከኋላ ግድግዳው ሥር ካሉት ጀምሪ። ባለፈው ሳምንት የቀሩትን አስከትዪ። ከዚያ ደግሞ በጣም ጮክ ብለው «አዎ!» የሚሉትን ስሚያቸው።